የተለየበት ቀን

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ መጀመሪያ የተጣላሁት ከወረቀት ጋር ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱን ልወስድ ወደ ወረዳ ሄድኩ። ልጅቷ በመስኮት ስትሰጠኝ እዚያው ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ያጉረመርማሉ። አማርኛው ደህና ነበር። በእንግሊዝኛው በኩል ግን የአባቱ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል።

«እማማ፣ ያው ነው እኮ» አለች ልጅቷ። «ማን ያየዋል?»

«እኔ አየሁት።»

«ሲስተሙ እንዲህ ነው የሚያወጣው።»

«ሲስተሙ ላይ የሚጽፍ ሰው የለም?»

ከኋላዬ አንድ ሰው «ሐዘንተኛ ናቸው፣ አስተካክይላቸው በቃ» አለ። ሐዘንተኛ መሆኔ እውነት ነው። ያንን ፊደል ያየሁት ግን በሐዘን አይደለም። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሰነድ ስተረጉም ኖሬያለሁና ወረቀት የሚዘረጋልኝን ሰው ሁሉ ሊያታልለኝ እንደመጣ አድርጎ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ሰውየው ባያታልል ቃሉ ያታልላል።

ቢሮዬን የዘጋሁት ታደሰ ሊሞት ዓመት ሲቀረው ነው። ያስዘጋኝ ስልክ ነው። ሰዎች ወረቀታቸውን ፎቶ አንስተው፣ ስልኩ የተረጎመውን አሳትመው ማህተም ብቻ ፍለጋ ይመጡ ጀመር። አንዱ ጎልማሳ «እርስዎ አይድከሙ፣ ተሠርቶ አልቋል፤ ይምቱልኝ ብቻ» አለኝ። አየሁት። እናቱ ከጋብቻ በፊት የነበራትን ስም ስልኩ «የገረድ ስም» ብሎታል። ሳነብለት ሰውየው ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ስልኩ ሲሳሳት አይደነግጥም። እኔ በአንድ ቃል ከደነገጥኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ፤ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ ገጽ እየጻፍኩ ያለሁት ስለዚያ ቃል ነው። በዚያ ቃል አንዲት ልጅ ትዳሯን አጥታለች።

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ነበር። አለቃዬ ደብዳቤ ከማስተየቡ በፊት ካርቦኖቹን ቆጥሮ ይሰጠኝና ሲያልቅ ቆጥሮ ይረከበኛል። ያገለገለ ካርቦን ብርሃን ላይ ሲያዝ ይነበባላ። በሰው ላይ ያለ እምነት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ መጀመሪያ የተማርኩት ከእሱ ነው። ደመወዙም ትንሽ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ተቀላቀለና እኔ ትርፍ ሠራተኛ ተባልኩ፤ እንግሊዝኛዬ ደህና ስለነበር አዲሱ ገበያ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በላይ በአንዲት ክፍል ሰነድ የሚተረጉም ጋሽ ውብሸት የሚባል ሰው ዘንድ ገባሁ።

ጋሽ ውብሸት ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩን በጫማ ክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነበር። ወረቀት ሲቀበል ከላይ አይጀምርም። መጀመሪያ ገልብጦ ጀርባውን ያያል። ቀጥሎ ግርጌውን፣ ማህተሙንና ፊርማውን ይመረምራል። ከዚያ ነው ወደ ላይ እየወጣ የሚያነብ። «ወረቀት ግንባሩ ላይ ይዋሻል፤ እግሩ ጋ ሲደርስ ይደክመዋል» ይል ነበር። ቀለም የነካ እጁን ሳይታጠብ የሰው ሰነድ አይነካም። ሻይም ጠረጴዛው ላይ አያስቀምጥም፤ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠጥቶ ይመለሳል።

«የከዱኝ» የሚል ርዕስ የሰጠው አንድ ደብተር ነበረው። የተሳሳተባቸውን ቃላት ነው የሚጽፍበት። የመጀመሪያው «ኢሹ» ነበር። አንድ ሟች «ያለ ኢሹ» ሞቱ የሚል የውርስ ሰነድ መጥቶለት፣ ወጣት ነበርና «ያለ ጉዳይ ሞቱ» ብሎ ተርጉሞት ኖሯል። በእንግሊዝኛው የሕግ አጻጻፍ ግን ቃሉ ልጅ ማለት ነው። ሰውየው የሞቱት ሳይወልዱ ነው።

«ዳኛው ጠርተው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አንተ ልጅ፣ ያለ ጉዳይ የሚሞት ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ይህን ነው፦ የማታውቂው ቃል አያሳስትሽም፤ መዝገበ ቃላት ትገልጪለታለሽ። የሚያሳስትሽ የምታውቂው ነው።

ከደንቦቹ ሁሉ አጥብቆ የሚይዘው ግን አንዱን ነበር። ማህተም ከመምታቱ በፊት አማርኛውን ለወረቀቱ ባለቤት ጮክ ብሎ ያነብለታል። ለአባት አይደለም፣ ለወንድም ወይም ለጉዳይ ገዳይም አይደለም። ሰው የገዛ ሕይወቱ ሲነበብለት ስሕተት ካለበት ቅንድቡ ይነሣል፤ ጋሽ ውብሸት የሚጠብቀው ያንን ቅንድብ ነው። እሱ ሲያርፍ ፈቃዱን በስሜ አውጥቼ እዚያው ክፍል ውስጥ ቀረሁ። ደንቡንም ብዙ ዓመት ጠበቅኩ።

አሜሪካን ረግጬ አላውቅም። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ጦርነት በኋላ የሰዎቹ ኑሮ ሲገለባበጥ ግን በጠረጴዛዬ ላይ አልፏል። ቀድሞ ከዚያ የሚመጣው ወረቀት ዲፕሎማና መንጃ ፈቃድ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ በሕፃንነታቸው የሄዱ ልጆቻችን ወታደር ሆነው የያዙት ወረቀት ይመጣ ጀመር። ወታደር ለነበረ ሰው ቤት በዱቤ የሚያስገዛ ደብዳቤ አየሁ። ሕመምን በመቶ ሰፍሮ የሚጽፍ ደብዳቤም አየሁ፤ ጆሮው ይህን ያህል በመቶ፣ እንቅልፉ ይህን ያህል በመቶ ተጎድቷል ይላል። ሚስት ወታደር፣ ባል የእሷ ጥገኛ ሆኖ የተመዘገበበት ነበረ። በልደት ወረቀት ላይ «አባት» እና «እናት» የሚሉት ቦታዎች ጠፍተው ሁለቴ «ወላጅ» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ፣ እነዚህ ሰዎች ምን ሊደብቁ ነው ብዬ ወረቀቱን መስኮት ላይ አንስቼ አየሁት። ምንም አልነበረውም። ኑሯቸው ነው የተለወጠው፤ ወረቀቱ ተከትሎ ተለወጠ።

ከሁሉ የበዛው የፍቺ ወረቀት ነበር። በፍቺ ወረቀቶቻቸው ላይ «የሴፓሬሽን ቀን» የሚባል ቦታ አለ። ባልና ሚስት እንደ ባልና ሚስት መኖር ያቆሙበት ቀን ማለት ነው፤ እንደ ልደት ቀን ይሞሉታል። እኔም «የተለያዩበት ቀን» እያልኩ እጽፋለሁ። በአንድ ዓመት ብዙ ጊዜ ከመጻፌ የተነሣ ቃሉን እጄ ይጽፈዋል፣ ዓይኔ ግን አያየውም ነበር።

ኤፍሬም ወደ ቢሮዬ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ በሰባት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያ ያደገ። አማርኛ ይናገራል፤ ማንበብ ግን አይችልም። ሰፈራችን ያለች ሊዲያ የምትባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ሊያገባ ነው የመጣው። አባቷ አቶ ዮናስ ጣውላ ቤት ያላቸው የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከውጭ የመጣ ሙሽራ አለማግባቱን በማስረጃ ካላሳየ አያጋባም።

«አንቺ ነሽ ተርጓሚዋ?» አለኝ ገና ሲገባ።

አንቺ ሲለኝ ደስ አላለኝም። እዚያ ያደጉት እርስዎ ማለት እንደማይሆንላቸው አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሚያውቀውን ሆን ብሎ የተወው መሰለኝ።

ሁለት ወረቀት ሰጠኝ። አንዱ አግብቼ አላውቅም ብሎ በሕግ ፊት የማለበት ነው። ሁለተኛው ከሠራዊቱ የተሰጠው አንድ ገጽ፣ ማን እንደሆነና የት እንደኖረ እንዲያስረዳለት ያያዘው ነው። እንደ ልማዴ ግርጌውን አየሁና ወደ ሰውየው ዞርኩ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሳታገባ?»

«ወታደር ነበርኩ።»

«ወታደር አያገባም?»

«ያገባል። ጓደኞቼ አግብተው ነበር። ስንመለስ ግማሾቹ ተፋቱ።» ትንሽ አሰበ፤ ቃል ሲፈልግ ጣቱን ያሻሻል። «ሚስቶቹ... እ... ብቻቸውን መኖር ለምደዋል። ጣራ ይጠግናሉ፣ ሥራ ይሄዳሉ። ባል ይመጣል፣ ሳሎን ይቆማል፣ የት ልቀመጥ ይላል። ወንበሩ አለ እኮ። ግን የት ልቀመጥ ይላል።»

«አንተስ የት ተቀመጥክ?»

«እናቴ ቤት» ብሎ ሳቀ። «ሱቅ ስገባ ሰዎች ስለ አገልግሎትህ እናመሰግናለን ይሉኛል። ቡና ይገዙልኛል። ከዚያ ይሄዳሉ። ስሜን አይጠይቁም። ስለ ጦርነቱ ማንም አያወራም፤ ማመስገን ብቻ።»

ሲያወራ ዓይን ዓይኔን አያይም። የሚደብቀው ነገር አለ አልኩ በልቤ።

ትርጉሙን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሠራሁት። የመሐላውን ወረቀት ጨርሼ ወደ ሠራዊቱ ወረቀት ስመጣ «የሴፓሬሽን ቀን» የሚል አገኘሁ። እንዲህ ስል አስታውሳለሁ፦ ያዝኩህ። የአሜሪካ ሠራዊት ለባለትዳር ወታደር አበል ስለሚከፍል የሰዎቹን ትዳር መዝግቦ ይይዛል፤ ይህን ከሌሎች ወረቀቶች አውቃለሁ። ስለዚህ ሰውየው በመሐላው የደበቀውን ሠራዊቱ አወጣበት ማለት ነው። ከሥሩ ምክንያቱ «ጊዜው በመጠናቀቁ» ይላል። ይህንንም አወቅኩት፤ ለወረቀት ተብሎ የተደረገ የጊዜ ጋብቻ ነው አልኩ። ቀጥሎ «በክብር» ይላል። ደግሞ በክብር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

የተለያየበት ቀን። የመለያየቱ ምክንያት፦ ጊዜው በመጠናቀቁ። የመለያየቱ ሁኔታ፦ በክብር።

ስሳሳት ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንን መጻፍ ይከብደኛል። ተጠራጣሪ ሰው ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ሲያገኘው ከሚሰማው ደስታ የበለጠ መጥፎ ነገር አላውቅም። ደስ ሲለው መፈተሹን ያቆማል።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ሊወስዱ የመጡት አቶ ዮናስ ናቸው። ኤፍሬም አልመጣም። ለወረቀቱ ባለቤት ሳላነብ ማህተሙን መታሁት።

ረቡዕ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ኤፍሬምን አቶ ዮናስ ቤት ጠሩት። የሆነውን ኋላ ሊዲያ ነግራኛለች። አባቷ ወረቀቱን ይዘው «ተለያይተሃል?» ብለው ጠየቁት። እሱም፣ ወረቀቱ ከሠራዊቱ መሆኑን ያውቃልና፣ «አዎ፣ ተለያይቻለሁ» አለ።

«ስንት ዓመት አብረህ ኖርክ?»

«ሰባት።»

«ለምን ተለያያችሁ?»

«ጊዜዬ አለቀ።»

«በክብር?»

«በክብር» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። በሕይወቱ የሚኮራበት አንዱ ነገር ያ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሰባት ዓመት አብረሃት ኖረህ ጊዜዬ አለቀ ትላለህ?» ሲሉት ነው «አብረሃት» የምትለዋ ቃል የገባችው። ተነሣ፤ ሚስት የለኝም አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አሁን ነገሩን ሊያጥፍ ነው አሉ እነሱ። ወደ ሊዲያ ዞረ። ሊዲያ መሬት መሬቱን አየች። ወጥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ሐሙስ ጠዋት ሊዲያ ቢሮዬ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ጽጌ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ቃሉ ሌላ ትርጉም የለውም?»

«የለውም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሊዱዬ፣ ይህን ቃል ስንቴ እንደጻፍኩት ብነግርሽ። እግዜር አተረፈኝ በይ።»

መዝገበ ቃላቱ ክንዴ ሥር ነበር። አልገለጥኩትም።

ባለቤቴ ታደሰ አዲሱ ገበያ አጠገብ ጎሚስታ ቤት ነበር የሚሠራው። ምሳውን ቤት ይበላል። የዚያን ዕለት ምሳ ላይ የሊዲያን ነገር፣ ሰውየውን እንዴት እንደያዝኩት፣ ጉራ ባለው አነጋገር ነገርኩት።

«ከማን ነው የተለየው?» አለ።

«ከሚስቱ ነዋ።»

«ስሟ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ከማን?»

«ወረቀቱ የሚለው ተለያየ ነው።»

«ጽጌ፣ ዝም ብሎ ተለየ ይባላል እንዴ? ሰው ከሚስቱ ይለያል፣ ከጓደኛው ይለያል። ሲሞት እንኳ ከዚህ ዓለም ነው የሚባለው። ወረቀቱን የሰጠው ማነው?»

«ሠራዊቱ።»

የጠቀለለውን ሳይጎርሰው ያዘው። «እንግዲያው ከሠራዊቱ ነዋ። የስንብት ወረቀት ነው። እኔም አለኝ እኮ።»

አለው። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ቁም ሣጥናችን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ታደሰ የደርግ ወታደር ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግሩ ነው የገባው፤ ወረቀቱን ያገኘው ኋላ ተመዝግቦ ነው። ያኔ እንደ እሱ ያሉት መንገድ ላይ ሲለምኑ፣ ሰው «ይበላችሁ» እያለ ሲያልፋቸው አይቷል። ጉለሌ ስንገባ ለጎረቤት የመንግሥት እርሻ ሠራተኛ ነበርኩ አለ፤ እኔም አዎ አልኩ። ወረቀቱ ግን ቤቴ ውስጥ ነበር። የሰውን ወረቀት ሁሉ ገልብጬ ሳይ የባሌን ረሳሁት።

ቢሮ ተመልሼ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ሦስተኛው ትርጉም ላይ ተጽፏል፦ ከውትድርና መሰናበት።

ኤፍሬም ገና ከተማው ውስጥ ነበር። ተነሥቼ ብሄድ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። አልሄድኩም። የፈቃድ ማደሻዬ በዚያ ወር ነበር፤ አንድ አቤቱታ ቢገባብኝ ማህተሜን ይነጥቁኛል አልኩ። ሌላም ነገር አልኩ፦ እውነተኛ ሰው ከሆነ ራሱ ያስተባብል፣ እኔ ምን አገባኝ? ዓርብ አለፈ። ቅዳሜ ኤፍሬም በአውሮፕላን ሄደ ሲባል ሰማሁ። እሑድ አለፈ፣ ሰኞም አለፈ። ታደሰ በነዚያ ቀናት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሄዶ ይነግራቸው ይሆን ብዬ እሱንም ጠረጠርኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ ፌስታሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ተነሽ እንሂድ» አለ።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ላሳያቸው ነዋ።»

«ታዴ፣ እነ አቶ ዮናስ ቤት? በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸውን ማን እንዳሸገባቸው ረሳህ?»

«አልረሳሁም» አለ። የጫማውን ክር ሁለት ጊዜ አስሮ ሁለቴም ተፈታበት።

አቶ ዮናስ ጣውላ ቤታቸው ጓሮ ተቀብለውን ወደ ሳሎን አስገቡን። ሊዲያ በር ላይ ቆመች። ያረምኩትን ትርጉም ሰጠኋቸው። ከፊተኛው ጎን አድርገው አስተያዩት።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ሁለቱም ላይ ያለው የእርስዎ ማህተም ነው። የትኛውን ልመን?»

«ሁለተኛውን። ተሳስቼ ነው፣ አቶ ዮናስ።»

«መቼ ነው መሳሳትዎን ያወቁት?»

«ዛሬ ጠዋት» አልኩ።

ታደሰ ዞር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ወደ ጫማው አየ።

«ልጁ ደውሎ ለምኖዎት እንዳይሆን?»

«አልደወለልኝም።»

«በገዛ አፉ እኮ ነው ተለያይቻለሁ ያለው። እዚህ ቁጭ ብሎ። እኔ እንግዲህ በማህተም አላምንም ማለት ነው። የሰኞው ማህተም አንድ ይላል፣ የማክሰኞው ሌላ ይላል።»

ልክ ነበሩ። ጥርጣሬን ዘርቼ ሄጃለሁ፤ አሁን እውነቱን ይዤ ብመጣ የበቀለውን ነው ያገኘሁት።

ታደሰ ወረቀቱን ከፌስታሉ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። አራት ቦታ የታጠፈ፣ መታጠፊያው ላይ የሳሳ ወረቀት። አቶ ዮናስ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ፊታቸው ተለወጠ።

«እርስዎ የደርግ ወታደር ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«እርሻ አልነበር እንዴ የሚሉት?»

«ስዋሽ ነበር።»

«አባቴን ከቤተ ክርስቲያን በጠመንጃ ሰደፍ እየመቱ ነው ያስወጧቸው። ወገባቸው ሳይቃና ሞቱ።»

«እኔ ሰሜን ነበርኩ፣ ጌታዬ። ልብሱ ግን አንድ ነው፤ እሱን አልክድም።» ወረቀቱን በጣቱ አመለከተ። «ይሄ ወረቀት ተለይቷል ይላል እኔን። ከሠራዊቱ። የዚያ ልጅም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ እሱን በክብር ብለውታል፣ እኔን አላሉኝም። ሚስቴ ይቺት አጠገቤ ናት። ከእሷ አልተለየሁም።»

አቶ ዮናስ ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡ። ከጓሮ የመጋዙ ድምፅ ይመጣል፤ አንድ ሰው ጠርተው አስቆሙት። ከዚያ ወረቀቱን በመታጠፊያው አጥፈው መለሱለት።

«ሰው የሚጠቅመውን ወረቀት ነው የሚያሳየው» አሉ። «ይሄ አይጠቅምዎትም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ደውዪለት።»

ሊዲያ ስልኩን ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጋ ደወለች። ቃላቱ እየተደነቃቀፉባት ነገረችው። ተርጓሚዋ ናት የተሳሳተችው፣ አባቴም አምነዋል፣ ተመለስ አለችው።

«ኤፊ?»

«ሊዱ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ሚስት አለው ብለሽ ነበር?»

«አሁን አውቀናል እኮ።»

«ተርጓሚዋ አታውቀኝም። አባትሽ አያውቀኝም። አንቺ ታውቂኛለሽ። እዚያ ሳሎን አየሁሽ፣ አንቺ መሬት ታያለሽ።» ቃል ፈለገ። «እዚህ የማያውቁኝ ሰዎች ያመሰግኑኛል። ምንም አይሰማኝም። እዚያ የመጣሁት የሚያውቀኝ ሰው... ማለቴ... በቃ፣ እንዲያምነኝ ነው።»

«ኤፊ፣ እባክህ።»

«አልተቆጣሁም፣ ሊዱ። መመለስ ግን አልችልም።»

ያን ዕለት ስንመለስ ታደሰ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረኝ።

«ዛሬ ጠዋት አልሽ?»

«አዎ» አልኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጎሚስታ ቤቱ አካባቢ «ወታደሩ» ይሉት ጀመር። ጎማ ሊያስጠግኑ መጥተው እሱን ሲያዩ ወደ ሌላ የሄዱ ነበሩ። ቀስ በቀስ ሰውም ለመደው፣ እሱም ለመደው። የኔን ፈቃድ በወሩ አደሱልኝ፤ ማንም አቤት አላለብኝም። ለጋሽ ውብሸት ደብተር የሚሆን ቃል ነበረኝ፣ ግን አልጻፍኩትም። የከዳኝ ቃሉ አይደለም። ቃሉ ሐሙስ ምሳ ላይ ገብቶኛል። ከዚያ ወዲያ ያሉት አምስት ቀናት የእኔ ናቸው።

ሊዲያ ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው አገባች። ደህና ሰው ነው ይላሉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም ቶሎ አልፋታለሁ።

ታደሰ በሞተ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ መጣች። ሰው ሲሳሳ አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይህን ቀን ጠብቃ ልትወቅሰኝ ነው የመጣችው ብዬ ጠረጠርኩ።

«እትዬ፣ በዚህ ቀን መጠየቅ ነውር ነው» አለች በዝግታ። «አንድ ጊዜ ጎማ ላስነፋ ሄጄ ጋሽ ታደሰን ጠይቄያቸው ነበር። እሷን ጠይቂያት አሉኝ።»

«ምኑን?»

«መቼ እንዳወቁ። ማክሰኞ ጠዋት ነው ብለው ነበር ለአባቴ።»

ታደሰ ሊነግራት ይችል ነበር። አልነገራትም፤ አልሸፈነልኝምም። ለእኔ ነው የተወው።

«ለምን እስካሁን አልጠየቅሽኝም?»

«ይዋሹኛል ብዬ።»

«ሐሙስ ነው ያወቅኩት» አልኳት። «አንቺ በወጣሽ በዚያው ቀን፣ ምሳ ላይ። እሱ ነው የነገረኝ።»

ጣቶቿን አየች። ቀኑን እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ።

«ኤፍሬም የሄደው ቅዳሜ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ምን ሆነው ነው ያልመጡት?»

«ማህተሜን ይነጥቁኛል ብዬ ፈርቼ።»

«ጋሽ ታደሰስ አልፈሩም?»

«ፈርቷል። ጫማውን ማሰር አቅቶት ነበር።»

«መጡ ግን።»

«እሱ መጣ።»

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሄደችም። አዲስ ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር ወንበር እየለቀቀች፣ ሰውየው ሲቀመጥ ተመልሳ ወደ እኔ እየተጠጋች፣ ድንኳኑ ባዶ እስኪሆን ቆየች። ለምን እንደቆየች አልጠየቅኋትም።